ለመምሬ የሻው ብቻ የተሰጠ ቀኖና

የሻው እስከ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ድረስ ነገር የማያከብድ ሰው ነበር። ከወረታ በስተሰሜን፣ የርብ ወንዝ ክረምት ክረምት በሚያጥለቀልቀው ሜዳ ላይ ባለችው ኪዳነ ምሕረት ይቀድሳል፤ በሥራ ቀን ደግሞ እርፍ ይጨብጣል፣ ላሞቹን ያግዳል፣ ሽምብራውን ያርማል። አባቱም አያቱም እዚያችው ደብር ያገለገሉ ስለሆኑ ቅዳሴን እንደ እርሻው ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ድምፁ ጥሩ ነው፤ ሲቀድስም አያንዛዛም። ሕዝቡ ይህን ይወድለት ነበር። ደርግ የቤተ ክርስቲያኑን መሬት ሲወርስ ሌሎቹ ካህናት ሲያለቅሱ እሱ «እኔ ድሮም ገበሬ ነኝ» ብሎ በገበሬ ማኅበሩ ተመዘገበና ድርሻውን ተቀበለ።

ነገሩ የጀመረው በ፲፱፻፸፩ ዓ.ም. የካቲት፣ በደብሩ የንግሥ ዕለት ነው። አንዲት እናት ታቅፋ ያመጣችውን ሕፃን ሲያቆርብ ሕፃኑ አሳለው። የሻው ከሕፃኑ አፍ አንዲት ቅንጣት ወደ መሬት የወረደች መሰለው። ቅዱስ ቁርባን መሬት ነካ ማለት ለቄስ ቀላል ነገር አይደለም። ተንበረከከና ምንጣፉን በጣቱ ዳሰሰ። ምንም የለም። ዲያቆኑ ጧፍ አቅርቦ አየ፤ ምንም የለም። እናትየዋም የልጇን አገጭና የራሷን ነጠላ ዘርግታ አሳየች፤ እዚያም የለም። ነገሩ በዚሁ ማለቅ ነበረበት። አላለቀም።

በማግስቱ የሻው ከእርሻው መሐል በሬዎቹን አቁሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ተመለሰና ምንጣፉን ገልብጦ አየ። በሦስተኛው ቀንም አየ። በሚቀጥለው ሰንበት ሕፃናት ሲቀርቡ አገጫቸውን አንድ በአንድ አየ። ከዚያ ወዲያ ቅንጣቷ ከምንጣፉ ተነስታ ወደ ጥፍሩ ሥር ተዛወረች። ካቆረበ በኋላ ቄስ እጁን ታጥቦ እጣቢውን መጠጣቱ ወግ ነው፤ የሻው ግን አንዴ ታጥቦ አልበቃ አለው። ሁለቴ፣ አምስቴ፣ አሥሬ ይታጠባል። ቤቱ ገብቶም ይታጠባል። ልብሱን ያራግፋል፣ ያራገፈበትን መሬት ጎንበስ ብሎ ያያል፣ ካየ በኋላ በደንብ ያየ አይመስለውም። ሰኔ ሲገባ የእጁ ቆዳ እንደ በጋ መሬት ተሰነጣጥቆ ነበር።

ሚስቱ ንግሥቲ ሰው ፊት «እርስዎ» የምትለውን ባሏን ቤት ውስጥ «አንተ» ነው የምትለው።

«ለአንተ እጅ ውሃ ስቀዳ ወገቤ ተቆረጠ» አለችው አንድ ቀን እንስራዋን አውርዳ። «ምንድን ነው የሚታጠበው? ጭቃ አልነካህ፣ ደም አልነካህ።»

«ምንም እንደሌለው አውቃለሁ።»

«ታዲያ ካወቅህ?»

የሻውን ያንገበገበው ይኸው ነበር፤ ማወቁ። ውሸት መሆኑን እያወቀ እጁ ወደ ውሃው ይሄዳል። ዕብድ ቢሆን ኖሮ፣ ብሎ ያስባል፣ አላውቀውም ነበር፤ ዐርፌ አብድ ነበር።

ቅዳሴው እየረዘመ ሄደ። ጠዋት ማለቅ የነበረበት እኩለ ቀን ይደርስ ጀመር። ያልቀመሱ ሕፃናት ያለቅሳሉ፣ ሽማግሌዎች በመቋሚያቸው ላይ ይንጠለጠላሉ፣ ሌላኛው ቄስ ያስላል። የሻው ይህ ሁሉ ይሰማዋል። ሲሰማው የበለጠ ይቸኩላል፤ ሲቸኩል ይጠራጠራል፤ ሲጠራጠር ይደግማል።

መጀመሪያ የሄደው ወደ ንስሐ አባቱ ነው። መምሬ አዛናው ይባላሉ፤ የጎረቤት ደብር ካህን፣ የተከበሩ ሽማግሌ። ደጃፋቸው ላይ ሌሎች አምስት ሰዎች ተራ ይጠብቁ ነበር።

«አባቴ፣ ከየካቲት ጀምሮ አንድ ነገር…»

«ምንድን ነው? ዝሙት ነው?»

«አይደለም። ሳቆርብ አንዲት ቅንጣት…»

«ወደቀች?»

«አልወደቀችም። ግን የወደቀች…»

«ካልወደቀች ምን ትሆናለህ? ሰይጣን ነው የሚያውክህ። በየቀኑ አርባ አርባ ስገድ። ሂድ፣ እግዚአብሔር ይፍታህ።»

ከእሱ በፊት ለገባው ሰውዬም አርባ ነበር ያዘዙት፤ ሰውዬው የጠየቀው ከወንድሙ ጋር ስለተጣላበት ድንበር ነው። የሻው ግን ታዛዥ ነውና ሰገደ። ሠላሳ ስምንት ላይ ሲደርስ ሠላሳ ሰባት ይሁን ሠላሳ ስምንት ጠፋው። ከአንድ ጀመረ። እንደገና ጠፋው። በሳምንቱ ጉልበቱ አብጦ ተመለሰና ሊያስረዳቸው ሞከረ። «ስግደቱ ራሱ ነው አሁን የሚያስቸግረኝ፤ ቁጥሩ…» ገና ሳይጨርስ መምሬ አዛናው ራሳቸውን ነቀነቁ። «አልበረታህም ማለት ነው። መቶ አድርገው።»

ከዚያ ወደ ወረታ ወጣ። ከገበያው ጀርባ በሽተኛ የሚያይ ደረሰ የሚባል ድሬሰር ነበር፤ ሰው የሚያመሰግነው ወጣት። የሻው ከጠዋት እስከ ቀትር ተሰልፎ ገባ።

«የት ጋ ነው የሚያምዎት አባ?»

«አካሌን አያመኝም። ሐሳብ ነው።»

«ራስ ምታት?»

«የለኝም።»

«ብርድ ብርድ ይልዎታል?»

«ሐሳብ ነው እያልሁህ እኮ ነው። አንድ ነገር ሠርቼ እንዳልሠራሁት ይመስለኛል፤ ታጥቤ እንዳልታጠብሁ…»

ደረሰ እየሰማ አልነበረም ማለት ያስቸግራል፤ ጆሮው እዚህ ሆኖ ዓይኑ በሩ ላይ የሚገፋፋውን ሰው ያያል። «የሜዳ ሰው ሁሉ ወባ አለበት» አለና በወረቀት ቁራጭ የጠቀለለ ነጭ ኪኒን ሰጠው። የሻው ቤቱ ገብቶ ዋጠው። ኪኒኑ ሰውነቱን በሙሉ ያሳክከው ጀመር። ሲያሳክከው ይታጠባል። ሦስት ቀን ሙሉ ንግሥቲ ከወንዝ አልተለየችም።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ ቢሻው ያስጠራው በዚያው ሰሞን ነው። ቢሻው ክፉ ሰው አልነበረም፤ አብሮት ከብት የጠበቀ የሰፈር ልጅ ነው። ግን ስብሰባ የሚጠራው እሑድ ረፋዱ ላይ ነው፤ ቅዳሴው ባላለቀ ቁጥር ሰው ይቀርበታል፣ ከወረዳ ደግሞ ይቆጡታል።

«መምሬ፣ ቅዳሴዎ ሕዝቡን ከስብሰባ እያስቀረብኝ ነው።»

«ታምሜ ነው።»

«ምን ታመው?»

የሻው ያችን የካቲት አንስቶ መናገር ጀመረ። ቢሻው ስም ዝርዝር ላይ ምልክት እያደረገ «እሺ፣ እሺ» ይል ነበር። መጨረሻ ላይ እርሳሱን አስቀመጠ። «ይህ የድሮው ሥርዓት ያመጣው ጭንቀት ነው። ተደራጅቶ የሚሠራ ሰው አይጨነቅም። የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ አድርገንዎታል፤ ከሰኞ ጀምሮ።»

ሰኞ የሻው በሰሌዳው ላይ «ሀ»ን ጻፈ። እግሯ የተንጋደደ መሰለውና አጠፋት። እንደገና ጻፈ። አጠፋት። ድንጋይ ላይ የተቀመጡት ጎልማሶች እርሳሳቸውን ይዘው ይጠብቁታል። በአንድ ሳምንት ከ«ሀ» ወደ «ሁ» ብቻ ስለደረሱ ቢሻው ሌላ አስተማሪ ተካ። የሻው ቅር አላለውም፤ ብቻ ታክቶታል። ሁሉም ሰው መድኃኒቱን አስቀድሞ ይዞ ነው የሚጠብቀው። በሽታውን የሚጠይቅ የለም።

ጥቅምት ላይ የንግሥቲ ወንድም ትሁን ከአንበሳሜ በኩል መሪጌታ ደጉ የሚባሉ አዋቂ ይዞ መጣ። የሻው አልፈለገም ነበር። ትሁን ግን «ካልጠየቅን እህቴ ትሞታለች» ብሎ ሙግት ገጠመ፤ ንግሥቲም ለእንግዳው መቀመጫ አነጠፈች። መሪጌታ ደጉ የእናቱን ስም ጠየቁ፣ መጽሐፋቸውን ገለጡ፣ በጣታቸው ቆጠሩ።

«ዓይን ነው» አሉ። «ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ በመንገድህ ላይ የሚቀመጥ ማን አለ?»

የሻው ወዴት እንደሚያመሩ ወዲያው ገባው። «ማንም የለም» አለ።

«አማከለች አለች እንጂ» አለ ትሁን።

አማከለች ሸክላ ሠሪ ናት። ከባሏ ሞት በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ መንገድ ዳር ባለው ጎጆዋ ጭቃ እያሸች፣ እንስራና ድስት እየሠራች ትኖራለች። የሰፈሩ ሰው ሸክላዋን ይገዛል፣ ልጆቹን ግን ከእሷ ዓይን ይሸሽጋል። የመሪጌታው ቃል ከቤት ወጥቶ ሜዳውን ለማዳረስ ሁለት ቀን አልፈጀበትም። መጀመሪያ ሴቶቹ ከእሷ መግዛት ተዉ። ቀጥሎ ለወረታ ገበያ የተሸከመችውን እንስራ ማን እንደሆነ ያልታወቀ ሰው ከኋላ ገፋባት፤ አንድም ሳይተርፍ ተሰበረ።

በማግስቱ መጥታ ከየሻው አጥር ደጃፍ ቆመች። የሻው ወጣ።

«መምሬ፣ እኔ አየሁዎ እንዴ?»

«አላየሽኝም።»

«ሲያልፉ ጎንበስ ብዬ ጭቃዬን ነው የማሸው። ቀና ብዬ አይቼዎ አላውቅም።»

«አውቃለሁ።»

«ካወቁ ለምን አይናገሩም?»

የሻው መናገር እንደሰለቸው፣ ለሦስት ሰው ጀምሮ ለሦስቱም እንዳልጨረሰ ሊነግራት ፈለገ፤ ከተሰበረ እንስራዋ ጋር ሲያስተያየው ግን አሳፈረው።

«ለመሆኑ ምንድን ነው የሚያምዎት?» አለች። «በምን እንደተከሰስሁ እንኳ ልወቀው።»

ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። የሻውም ተቀመጠ። ስለ ሕፃኑ ሳል፣ ስለ ምንጣፉ፣ ስለ ጥፍሩ፣ ስለ ስግደቱ ቁጥር፣ ስለ «ሀ» እግር ሁሉ ነገራት። አማከለች አላቋረጠችውም።

«ይህ እንኳን የእኔ፣ የማንም ዓይን ሥራ አይመስለኝም» አለች። «እኔ መድኃኒት አላውቅም። ግን ይፋግ ገበያ የምሸጥላቸው አንድ መነኩሴ አሉ፤ አባ ገብረ ኪዳን ይባላሉ፣ የጣራ ገዳም። አንድ እንስራ ለመግዛት ግማሽ ቀን ይጠይቁኛል። ጭቃው ከየት ነው፣ ስንት ቀን ደረቀ፣ ምን እንጨት አነደድሽበት። እኔን ያሰለቹኛል። ለእርስዎ ግን ይሆኑ ይሆናል።»

እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ የሻው ሕዝቡን አላሰናበተም። ከደጀ ሰላሙ ቆሞ ተናገረ። «የያዘኝ የገዛ ሐሳቤ ነው። የካቲት ላይ ሳቆርብ የጀመረኝ ነው፤ ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ያን ዕለት እዚህ ነበራችሁ። የማንም ዓይን አላገኘኝም። አማከለችን የነካ እኔን ነክቷል። እንስራዋን የሰበረ ይካሳት።» ድምፁ ቁጣ ቁጣ ይል ነበር። ቁጣው ለሕዝቡ ይሁን ለራሱ እሱም አልለየውም።

ማንም አልካሳትም። የደብሩ አለቃ ግን ከሕዝቡ መሐል ጠርተው ለብቻው አነጋገሩት። «በሕዝብ ፊት ሕመምህን ከተናገርህ ወዲያ ማን ከእጅህ ይቆርባል? እስኪሻልህ ዕረፍ።» የሻው በአባቱ ደብር ከመቅደስ ውጭ ቆሞ ማስቀደስ ጀመረ።

ኅዳር ላይ ወደ ጣራ ገዳም ተነሳ። ንግሥቲ ልጆቹን ለእናቷ ትታ ተከተለችው። ገና ከሰፈር ሳይወጡ የሻው ቆመ።

«የበረቱን በር…»

«ዘግቼዋለሁ። አንተም አይተኸዋል።»

«ማየቴንስ አይቻለሁ…»

«ስማኝ» አለች ንግሥቲ፣ ረጋ ብላ። «ዛሬ ብትመለስ ብቻህን ነው የምትመለሰው። እኔ ወደ ፊት ነኝ።» ስንቋን ይዛ መንገዷን ቀጠለች። የሻው መሐል መንገድ ላይ ቆሞ አንዴ በረቱን አንዴ ጀርባዋን አየ። ከዚያ ሮጦ ደረሰባት። የርብን ድልድይ አብረው ተሻገሩ። ንግሥቲ ይፋግ ከአንዲት ዘመዷ ቤት ስትቀር እሱ ወደ ተራራው ወጣ።

አባ ገብረ ኪዳንን ያገኛቸው የፈረሰ ካብ ሲጠግኑ ነው። አጭር፣ ቀጭን፣ ከድንጋዩ ቀና ለማለት የማይቸኩሉ ሰው ናቸው። የሻው ተሳለማቸውና የመጣበትን ነገረ። ጸሎት ያደርጉልኛል፣ መስቀል ያሻሹኛል፣ ጠበል ይረጩኛል ብሎ ነበር የጠበቀው። እሳቸው ግን ይጠይቁት ጀመር።

«የትኛው ጣትህ ነው?»

«አውራ ጣቴና ሌባ ጣቴ።»

«ስትታጠብ ይተውሃል?»

«ለጥቂት ጊዜ።»

«ለስንት? ውዳሴ ማርያም እስኪደገም? ወይስ አቡነ ዘበሰማያት እስኪባል?»

«አቡነ ዘበሰማያት እስኪባል።»

«ባትታጠብስ ምን የምትሆን ይመስልሃል?»

የሻውን ማንም ይህን ጠይቆት አያውቅም። «የጌታን ሥጋ የረገጥሁ ይመስለኛል» አለ በመጨረሻ። «ሕዝቡም በእኔ ምክንያት የሚጠፋ ይመስለኛል።»

ጥያቄው አላለቀም። ከሕፃኑ በፊት ምን ነበር? አባቱ መቼ ሞቱ? ሲያርስስ ይጠራጠራል ወይ? ፀሐይ አቆለቆለች። የሻው መጀመሪያ ደስ አለው፣ ቀጥሎ ደከመው፣ ኋላ ተበሳጨ። አማከለችን ያሰለቿት ለምን እንደሆነ ገባው።

«አባቴ፣ ቀኖናውን ይስጡኝና ልሂድ።»

«እሺ። ስግደት ከልክዬሃለሁ።»

«ምን አሉኝ?»

«አንዲትም እንዳትሰግድ። ሌላ ሰው ቢመጣ ስገድ እለው ይሆናል፤ ይህ ለአንተ ብቻ ነው። ቤትህ ስትገባ አንድ ጊዜ ታጠብ። ሐሳቡ ሁለተኛ ታጠብ ታጠብ ሲልህ ውሃውን አትንካ፤ ይጩህ። ኃጢአት ካለበት በእኔ ይሁን፣ እኔ እጠየቅበታለሁ። በየአሥራ አምስት ቀኑ ይፋግ ገበያ እወርዳለሁ። ስንት ጊዜ እንደተሸነፍህ ትነግረኛለህ።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

የሻው ከተራራው ሲወርድ ቅር ብሎት ነበር። ያን ሁሉ ተጉዞ ያገኘው «አትታጠብ» ነው፤ ይህንማ ንግሥቲም ስትለው ከርማለች። ሆኖም ንግሥቲ ኃጢአቱን በእኔ ይሁን አላለችውም ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ክፉ ነበሩ። ታጥቦ ሲያበቃ እጆቹን ብብቱ ሥር ወትፎ ይቀመጣል፤ ላቡ በግንባሩ ይወርዳል፤ ልጆቹ አባታቸው ብርድ የያዘው እየመሰላቸው ጋቢ ያመጡለታል። አንዳንዴ ያሸንፋል፤ ብዙ ጊዜ ተሸንፎ ጓሮ ይሄዳል። ይፋግ ሲደርስ ከአባ ገብረ ኪዳን ጋር ከእህልና ከበርበሬ ሻጩ ግርግር ራቅ ብለው ይቀመጣሉ።

«ምንም አልረዳኝም» አላቸው ጥር ላይ።

«ትናንት ስንት ጊዜ ታጠብህ?»

«አራት።»

«የመጀመሪያ ዕለት ስትመጣስ ስንት ነበር ያልኸኝ?»

አሥራ ሰባት ነበር። አባ ገብረ ኪዳን «ጎበዝ» አላሉም፣ አላመሰገኑትም። ቀኖናውን ብቻ ለወጡት፤ አሁን ደግሞ ልብሱን ማራገፍ ተከለከለ። ሌላ ጊዜ መንገድ ላይ ወደ ኋላ ማየት ተከለከለ። አንድ ጊዜ የሰጡት ነገር ሲከብደው መልሰው አቀለሉለት። መምሬ አዛናው ይህን ሰምተው ተቀየሙ፤ «ከእኔ አልፎ መነኩሴ ፍለጋ ሄደ» አሉ፣ ከዚያ ወዲያ ቤቱ አልገቡም።

ለፋሲካ አለቃው የሻው በረዳትነት እንዲቀድስ ፈቀዱለት። ሰኔ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱ አቆረበ። አንዲት ሴት ልጇን ይዛ ስትቀርብ እሱን አይታ ወደ ኋላ ልታፈገፍግ ስትል ሌላዋ ገፋቻት። የሻው አቆረበ፣ አንድ ጊዜ ታጠበ፣ እጣቢውን ጠጣ። ቅዳሴው በሰዓቱ ወጣ። ጓድ ቢሻውም ስብሰባው ሞላለት።

አማከለችን ግን ማንም ይቅርታ አልጠየቃትም። ንግሥቲ እንስራዋን ሁሉ ከእሷ ትገዛለች፤ አንዳንድ ሴቶችም ተመልሰዋል። እሷ ግን ወረታ ገበያ መውጣት ትታ ሸክላዋን ይፋግ ብቻ መሸጥ ጀመረች። የሻው ሲያልፍ ሰላም ይላታል። ትመልሳለች፣ ቀና አትልም።

በዚያ ክረምት ርብ ሞልቶ ሜዳውን ዋጠው። ሐምሌና ነሐሴ ወደ ይፋግ የሚያልፍ አልነበረም። የሻው ያለ መነኩሴው እንዴት እሆናለሁ ብሎ ተብከነከነ። አንድ ሰንበት ስምንት ጊዜ ታጠበና ተናደደ፤ የሚነግረው ሰው ስለሌለ ለንግሥቲ ነገራት። እሷም «ነገስ?» አለችው። በማግስቱ ሦስት ሆነ። አንዳንድ ቀን ያሸንፋል፣ አንዳንድ ቀን ይሸነፋል፤ ቀኖቹ አለፉ።

መስከረም ላይ ውሃው ሲጎድል፣ ጭቃው እስከ ጉልበት እየዋጠው ሄዶ ከጣራ ገዳም ደረሰ። አባ ገብረ ኪዳን አጥር ሲያጥሩ ነበር። ሁለቱን ወር በሙሉ ነገራቸው። እሳቸው እንደ ልማዳቸው ጠየቁ፦ የትኛው ዕለት፣ ስንት ጊዜ፣ ከዚያስ ምን አደረግህ።

«ያለ እኔ ሁለት ወር ከቻልህ» አሉ ሲጨርስ፣ «በዚህ ጭቃ ለምን መጣህ?»

«በየአሥራ አምስት ቀኑ ብለውኝ የለም?»

«በየሁለት ወሩ አድርገው። አሁን ያን ገመድ አቀብለኝ።»

የሻው ገመዱን አቀበላቸው። እግሩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው፤ ወደ ታች ሲወርድም እንደገና ይላቆጣል። እያጉረመረመ እስኪመሽ ድረስ አጥሩን አብሯቸው አጠረ።